የጎረቤት ግቢ በቀጥታ ሥርጭት

ላሊበላ ውስጥ ስለ ቤቱ የዘውገን ያህል የሚያወራ ሰው የለም። «ደመና ደጅ የእንግዳ ማረፊያ» የሚለውን ስም ያወጣው ራሱ ነው። ታፔላውን የጻፈውም ራሱ ነው፤ «ማረፊያ» የምትለዋ ቃል ቦታ አጥሯት መጨረሻው ላይ ተጨናንቃ የቀረችው ለዚህ ነው። ከሁሉ አብልጦ የሚኮራው ግን በሁለተኛው ፎቅ ሰገነት ነው። እዚያ ላይ ቆሞ አሸተን ተራራን በእጁ እያሳየ፣ «ይኼ ተራራ ከሌላ ሆቴልም ይታያል፤ እንዲህ ሆኖ ግን አይታይም» ይላል።

ችግሩ፣ የሚያሳየው ሰው አልነበረም። መጀመሪያ የኮሮና በሽታው፣ ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። ከዚያም መንገዱ በተዘጋና በተከፈተ ቁጥር እንግዳ እየሳሳ ሄዶ፣ አልጋዎቹ በየጠዋቱ የሚነጠፉት ለልማድ ያህል ሆነ። ዘውገ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ጥቁር መነጽሩን አድርጎ በሩ ላይ ፎቶ ይነሳና ፌስቡክ ላይ «እንኳን አደረሳችሁ! ክፍል አለን» ብሎ ይለጥፋል። የሚካኤል ዕለት ይለጥፋል፤ የገብርኤል ዕለትም ይለጥፋል። ላይክ የሚያደርጉለት የእህቱ ልጆችና ጋሸና ላይ ምግብ ቤት ያለው አንድ ጓደኛው ናቸው። ጓደኛው ደግሞ ክፍል አይፈልግም።

የእህቱ ልጅ ፍሬ አዲስ አበባ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ስትሠራ ቆይታ፣ ድርጅቱ ሲዘጋ በጥቅምት ወደ አገሯ ተመለሰች። የዘውገ ባለቤት ጥሩሰው ኮምቦልቻ የወለደች ልጃቸውን ልታርስ ሄዳ ስለነበር፣ አጎቷ ብቻውን እንዳይሆን ፍሬ «ደመና ደጅ» ውስጥ አንድ ክፍል ተሰጣት። ገና ሻንጣዋን ሳትፈታ የአጎቷን ገጽ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ መነጽር ምንድን ነው?»

«እንግዳው ባለቤቱን ይወቅ ብዬ ነዋ።»

«እንግዳው የሚመጣው እርስዎን ሊያይ ነው?»

«ለምን አይመጣም?» አለ ዘውገ፣ ከልቡ።

ፍሬ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ኮምፒውተሯን ከፈተች። «አሁን ሰው ፎቶ አይቶ ማለፍ ሰልችቶታል። የሚነካካው ነገር ይፈልጋል። ዊጀት ይባላል። ገጹ ላይ እንደ መስኮት የምትቀመጥ ትንሽ ነገር ናት። አንዷ ጥያቄ ትቀበላለች፣ አንዷ ድምፅ ታሰጣለች፣ አንዷ ደግሞ ካሜራ ታሳያለች። ሰውዬው አምስተርዳም ቁጭ ብሎ ቀስቷን በጣቱ ሲነካት፣ እዚህ ሰገነቱ ላይ ያለው ካሜራ ወደ ቀኝ ወደ ግራ ይዞርለታል።»

«አምስተርዳም ሆኖ የኔን ካሜራ ያዞራል?»

«ያዞራል።»

«ሳያስፈቅደኝ?»

«ጋሼ፣ ቁም ነገሩ እሱ እኮ ነው።»

ካሜራው በአውሮፕላን በሚመጣ ሰው እጅ ተላከና ሰገነቱ ጥግ ላይ ካለው ብረት ጋር ታሰረ። ድምፅ የለውም፤ ምስል ብቻ ነው። ፍሬ ገጹን እንደ አዲስ ሠራችው፤ ካሜራውን መሐል ላይ፣ የጥያቄውን መስኮት ከሥሩ አድርጋ፣ በቴሌግራምም በፌስቡክም በቲክቶክም ለወሬ ጆሮ ላለው ሰው ሁሉ አዳረሰችው። ዘውገ በበኩሉ ከአስጎብኚዎቹ መሰብሰቢያ እስከ ባጃጅ መቆሚያው ድረስ እየዞረ፣ «አሸተን አሁን በቀጥታ ይታያል፤ በኔ በኩል» ብሎ አወጀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘውገ ኮት ሳይለብስ ሰገነቱ ላይ ታይቶ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት በካሜራው ፊት በአጋጣሚ ያልፋል። ትንሽ ቆይቶ በአጋጣሚ ይመለሳል። አንዳንዴ ቆም ብሎ ተራራውን ትኩር ብሎ ያያል፤ ገና ዛሬ ያየው ይመስል።

መጀመሪያ ሰሞን ካሜራው እንደታዘዘው ተራራውን ሲያሳይ ሰነበተ። በኋላ ግን ዘውገ አንድ ነገር ታዘበ። በወጣ ቁጥር ካሜራው ጀርባውን ሰጥቶት ያገኘዋል። በእጁ ይመልሰዋል። ካሜራው ዝዝ ብሎ ይዞርበታል። ደግሞ ይመልሰዋል፤ ደግሞ ዝዝ።

«ይኼ ካሜራሽ አንገቱን ታሟል» አላት ፍሬን።

«አልታመመም። ሰው ነው የሚያዞረው።»

«ወደየት?»

ፍሬ ኮምፒውተሩን ወደ እሱ አዞረችለት።

ዘውገ ያየው የጎረቤቱን የቢተውን ግቢ ነው። ቢተው በርጩማው ላይ ተቀምጦ እንጨት ይቀርጻል። ባለቤቱ ባንችይርጋ አጠገቡ ሰሌን ላይ በርበሬ አስጥታ ትለቅማለች። ውሻቸው እግራቸው ሥር ተጋድሟል። ሦስቱም ያሉት በግቢው ግድግዳ ሥር በወደቀች ቀጭን የፀሐይ ብርሃን ውስጥ ነው፤ ሌላው ግቢ በሙሉ ጥላ ነው። ትንሽ ቆይቶ ብርሃኗ ፈቀቅ አለች። ቢተው ተነሳ፣ በርጩማውን አንስቶ ፈቀቅ አለ። ባንችይርጋ ሰሌኑን በሁለት እጇ ይዛ ጎተተች። ውሻው ተነስቶ ተንጠራራና ሄዶ እዚያው ብርሃኗ ውስጥ ወደቀ። ደግሞ ፀሐይ ፈቀቅ ስትል ደግሞ ተነሱ። እንዲህ እየሆኑ፣ ቀትር እስኪደርስ ግቢውን ይዞሩታል።

ይኼን የሚያደርጉት ወደው አልነበረም።

ዘውገና ቢተው ወጣት ሆነው አብረው ያስጎበኙ ሰዎች ናቸው። ዘውገ አፉ ፈጣን ነው፤ ቢተው ደግሞ እንግሊዝኛም ጣሊያንኛም አቀላጥፎ ይናገር ስለነበር፣ አንዱ እንግዳውን ሲያስቅ ሌላው ያስረዳዋል። ቤታቸውንም አጥር ለአጥር ሠሩ። ቢተው ጉልበቱ ሲያስቸግረው መውጣት መውረዱን ትቶ መስቀልና የእንጨት ዕቃ መቅረጽ ያዘ። ዘውገ ሁለተኛውን ፎቅ ሲጀምር፣ ቢተው አንድ ጠዋት መጥቶ፣ «ዘውገ፣ ፀሐዬን እየወሰድክብኝ ነው» አለው። ዘውገ በሠራተኞቹ ፊት ሳቀና፣ «ፀሐይ የመንግሥት ናት፤ ቀበሌ ሄደህ አመልክት» አለው። ሠራተኞቹም ሳቁ። ቢተው አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት ካልሆነ በቀር ቃል አልተለዋወጡም።

አሁን ግን በጥያቄው መስኮት የሚመጣው ሁሉ ስለ ቢተው ነበር። «ሰውዬው ምን እየቀረጸ ነው?» «የውሻው ስም ማነው?» «ዛሬ ሴትየዋ ለምን ዘገየች፣ አመማት እንዴ?» አንዱ ከሐዋሳ፣ «ቢሮ ስንገባ መጀመሪያ የምንከፍተው እናንተን ነው፤ ውሻው ሲነሳ ሥራ እንጀምራለን» ብሎ ጽፏል።

«መልሺው ወደ ተራራው» አለ ዘውገ።

«ከመለስኩት ሰዉ ይሄዳል። ተራራውን አየት አድርጎ ነው የሚወጣው። ይኼን ግን ቁርሱን እየበላ ያየዋል።»

«አሸተንን የሚያህል ትቶ ቢተውን?»

«ተራራው አይንቀሳቀስም፣ ጋሼ።»

ዘውገ ተከፋ። ሆኖም ክፍል የሚጠይቅ ሰው ብቅ ብቅ ማለት መጀመሩን ሲያይ መከፋቱን ትንሽ አዘገየው። የቀረው አንድ ክፉ ጥያቄ ነበር፤ በየቋንቋው እየተመላለሰ የሚመጣ። «እነዚህ ሰዎች ለምንድን ነው ጠዋቱን ሙሉ ቦታ የሚቀያይሩት?»

ዘውገ አገጩን እያሻሸ ቆየና፣ «ጻፊ» አላት። «ይህ የላስታ ጥንታዊ ባህል ነው። ፀሐይ መከተል ይባላል። ለጉልበትም ለመንፈስም ጤና ይሰጣል።»

«እንዲህ የሚባል ባህል አለ እንዴ?»

«ከዛሬ ጀምሮ አለ።»

ፍሬ ልክ እንዳልሆነ አውቃዋለች። ጣቷ ግን ጻፈ። የሰዉ ብዛት እንደዚያ ሽቅብ ሲወጣ አዲስ አበባም አይታ አታውቅም ነበርና፣ በዚያው ሞቅታ አንድ ተጨማሪ ዊጀት ሰቀለች፤ «ሰውዬው የሚቀርጸው ምንድን ነው? ድምፅዎን ይስጡ» የምትል። መስቀል የሚለው መራ። መልአክ የሚለው ተከተለው። የሚወዳት ሴት ፊት ነው ያሉም ቀላል አልነበሩም።

አንድ ቀን ጥሩሰው ከኮምቦልቻ ደወለች።

«ቢተው ከስቷል» አለች፣ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ።

«ማን?»

«ቢተው! እኛ እኮ ልጅህ ስልኳ ላይ ከፍታልኝ፣ ሕፃኑን እያጠባች አብረን ነው የምናየው። በጣም ከስቷል። ባንችይርጋም ስትነሳ ወገቧን ትይዛለች፤ አይተሃል?»

«እኔንስ አላያችሁኝም?»

«አንተን?» ጥሩሰው አሰበች። «አንድ ጊዜ ያለፍክ መሰለኝ። ያ ኮት ጠበበህ እንዴ?»

ዘውገ ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ።

«ስማ ዘውገ፣ እነሱ ግን ይኼን ነገር ያውቃሉ?»

«ሃሎ? ሃሎ?» አለ ዘውገ። «ኔትዎርኩ…» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ኔትዎርኩ ደኅና ነበር።

ታኅሣሥ ሲገባ ሊዝቤት የምትባል ሸምገል ያለች የሆላንድ ሴት መጣች። ዘውገ በሙሉ ልብሱ ተቀብሎ ተራራው ፊት ለፊት ያለውን፣ የሁሉ የበላይ የሚለውን ክፍል ከፈተላት። ሊዝቤት በመስኮቱ አየት አደረገችና፣ ካላስቸገርኩ በግራ በኩል ያለው ክፍል ይሰጠኝ አለች። ሻንጣዋ ላይ የምትታጠፍ ወንበር ታስራለች። ዘውገ የወንበሯ ነገር አልገባውም።

በማግስቱ ጠዋት ሊዝቤት ወንበሯን በብብቷ ይዛ ወርዳ የቢተውን በር አንኳኳች።

ቢተው ከፈተ። ሴትየዋ በእንግሊዝኛ፣ «ፀሐይ ልከተል መጣሁ፤ ይፈቀዳል?» አለችው። ቢተው እንግሊዝኛው የጠፋበት መሰለው። ድገሚልኝ አላት፤ ደገመችለት።

«ማናት?» አለች ባንችይርጋ ከውስጥ።

«እንጃ። ፀሐይ ልከተል ነው የምትለው።»

«ታዲያ ትግባ እንጂ፤ ደጅ አቁመሃት ብርድ አይደለም እንዴ!»

ሊዝቤት ገብታ ብርሃኗ ውስጥ ወንበሯን ዘረጋች። ሻይ ቀረበላት። ውሻውን በስሙ ጠራችው፤ ስሙን ከየት እንዳወቀችው ቢተው አልጠየቀም። እንዲያው ገምታ ነው ብሎ አለፈው። ብርሃኗ ፈቀቅ ማለት ስትጀምር ግን ሊዝቤት ከማንም ቀድማ ብድግ ብላ፣ ወንበሯን አጥፋ፣ የሚቀጥለው ቦታ ላይ ዘረጋችና በደስታ አየቻቸው። ቢተው ቢላዋውን እንደያዘ ቀረ።

«ሴትዮ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ፀሐይ መከተል ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?»

ሊዝቤት ባህሉን አስረዳችው፤ ጥንታዊነቱን፣ ለጉልበት ያለውን ጥቅም። ቢተው በትዕግሥት ሰማ። ከዚያ ስልኳን አውጥታ አሳየችው። ስልኩ ውስጥ የራሱ ግቢ አለ፣ ከላይ የታየ። በርጩማ ላይ አንድ ራሱ የተመለጠ ሰውዬ ስልክ ላይ አጎንብሷል። ቢተው ቀኝ እጁን አነሳ። ትንሽ ቆይቶ ሰውዬውም አነሳ። ቢተው ቀና ብሎ ወደ ዘውገ ሰገነት አየ፤ ጥጉ ላይ አንዲት ጥቁር ዓይን ቁልቁል ታየዋለች።

ባንችይርጋ ከኋላው ቆማ አይታ ነበር። ነጠላዋን ወደ ራሷ ሳበች።

«ትናንት ፀጉሬን ስታጠብስ?» አለች፣ ዝግ ብላ። «ያኔም ነበረ?»

ሊዝቤት አማርኛ ባትሰማም ነገሩ ገባት፤ ፊቷ ቀላ። ወደ ቢተው እጅ ጠቆመች። «ብዙ ሰው ጠይቋል… ምንድን ነው የሚሠሩት? እኔ መልአክ ነው ብያለሁ።»

«የአልጋ እግር ነው» አለ ቢተው። አስቀመጠውና ተነሳ።

ዘውገ ሰገነቱ ላይ ኮቱን እያራገፈ ሳለ የደረጃው ድምፅ ተሰማው። ቢተው ጉልበቱን እየያዘ፣ በየደረጃው እያረፈ፣ ከተሠራ ጀምሮ ረግጦት የማያውቀውን ፎቅ ወጣ። ባንችይርጋ ከኋላው አለች። ዘውገ ቢተው የሚመጣበትን ቀን እያሰበ ስንት ንግግር አዘጋጅቶ ነበር፤ አንዱም አልመጣለትም።

«ቢተው… ግባ፣ ቁጭ በል።»

«አልቀመጥም። ስማ ዘውገ፤ ጥላህን ጣልክብኝ፣ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ ጥላህ ውስጥ ስንንከራተት ለዓለም ታሳየናለህ? ባህላቸው ነው ብለህ?»

«ማስታወቂያ ነው፣ ቢተው። በክፉ አላሰብኩትም። እንዲያውም ይወዱሃል። ከኔ ይልቅ አንተን…» ዘውገ ድምፁ ተሰበረ። ይኼኛው መከፋት የእውነት ነበር፤ ቦታው ግን አልነበረም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይኼን ስትሰቅል መጥተህ ‹ቢተው፣ ግቢህ ይታያል› ብለኸኛል?»

«መጀመሪያ ተራራውን ነበረ የሚያሳየው።»

«በኋላስ?»



ፍሬ ከክፍሏ ሮጣ ወጥታ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጋሽ ቢተው። እኔ ነኝ የሰቀልኩት» አለች።

ቢተው ዞሮ አያት። «አንቺ ልጄ፣ ያደግሽው እኛ ግቢ ነው። የተሰጣ በርበሬ ላይ እየሮጥሽ ስንት ጊዜ ተቆጥተንሻል። መጥተሽ ማንኳኳት አቃተሽ?»

ፍሬ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሄዳ ሽቦውን ነቀለችው፤ ካሜራው አንገቱን ደፋ። ከመንቀሏ በፊት ግን ካሜራው ወደ እነሱ ዞሮ ኖሮ፣ የሁለቱን ሰዎች እጅ መወራጨት ብዙ ሰው ያለ ድምፅ ሲያይ ነበር። በጥያቄው መስኮት የመጨረሻው መልእክት፣ «ይኼ ኮት የለበሰው ሰውዬ ደግሞ ማነው? ቢተውን ምን አድርጉ ነው የሚላቸው?» የሚል ነበር። ስሙን ማን እንደነገራቸው አልታወቀም። ፍሬ ለአጎቷ አላሳየችውም።

በማግስቱ ጠዋት ዘውገ ጋቢውን ተከናንቦ ወርዶ የቢተውን በር አንኳኳ። ባንችይርጋ ከፈተችለት፤ ግባም አላለችው፣ ተመለስም አላለችው። በሩን እንደተከፈተ ትታው ሄደች። ገባና ከግድግዳው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ብርሃኗ ገና አልደረሰችም። የድንጋዩ ቅዝቃዜ ጋቢውን ዘልቆ እስከ አጥንቱ ገባ። ዘውገ እጁን በብብቱ ከተተ፣ እግሩን አጠፈ፣ ዘረጋ። ቀና ሲል አንድ ትልቅ ግንብ አየ፤ ያልተለሰነ፣ ብሎኬቱ እንደ ጥርስ የገጠጠ፣ በመሐሉ የዛገ ቱቦ የሚወርድበት።

«ይኼ የማን ቤት ነው?» አለ ሳያስበው።

ቢተው ከበርጩማው ላይ አየው። «ያንተ ነዋ።»

ዘውገ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እንደገና አየው። «ከዚህ ሲታይ እንዲህ ያስጠላል?»

«ፎቶ የምትነሳው ከወዲያ በኩል ነው እኮ» አለች ባንችይርጋ። «እኛ የደረሰን ጀርባው ነው።»

ዘውገ ሊስቅ ሞከረና ተወው። ብርሃኗ መጥታ የቢተው ጉልበት ላይ አረፈች፤ ዘውገ ጋ ግን አልደረሰችም።

«ያኔ ቀበሌ ሄደህ አመልክት ያልኩህ…» አለ ዘውገ።

«ሠራተኞቹ ስቀው ነበር።»

«አዎ። እነሱ ስለሳቁ ጥሩ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። አጥፍቻለሁ ቢተው። በካሜራውም አጥፍቻለሁ። ባንችይርጋ፣ አንቺም ይቅር በይኝ።»

ባንችይርጋ በርበሬዋን እየለቀመች ቆየች። «ይቅር እልሃለሁ» አለች መጨረሻ ላይ። «ግን ያን ግንብ ለስነው።»

ፎቁን ማፍረስ አይቻልም፤ ይኼን ቢተውም አልጠየቀም። የጠየቀው ሌላ ነው። ካሜራው ከተራራው ሌላ እንዳያይ በብረት ይታሰር፤ ማንም በየትም ሆኖ እንዳያዞረው። ባህል ነው የተባለው ነገር ውሸት መሆኑን ዘውገ ራሱ ይጻፍ። ከዚያ ደግሞ፣ ፀሐይ ግቢው እስክትገባ ድረስ ቢተው ጠዋት ጠዋት ሰገነቱ ላይ ተቀምጦ ይሥራ፤ ከካሜራው ኋላ ሆኖ።

ዘውገ የማስተባበያውን ጽሑፍ ሲጽፍ አረፈደ። ጽሑፉ የሚጀምረው ሁለቱ ወጣት ሆነው ብልባላ ድረስ እንግዳ ይዘው ከተጓዙበት ዘመን ነው። ፍሬ አሳጠረችው። ዘውገ መልሶ አስረዘመው። በመጨረሻ የተለጠፈው እንዲህ የሚል ነበር፤ «ፀሐይ መከተል የሚባል ባህል የለም። ሰዎቹ ቦታ የሚቀያይሩት የኔ ፎቅ ፀሐያቸውን ስለከለለ ነው። ሳላስፈቅዳቸውም አሳይቻችኋለሁ። ይቅርታ ጠይቄ ይቅር ብለውኛል። እናንተንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። የሚቀርጸው የአልጋ እግር ነው። ክፍል አለን።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ፍሬ ሁለት ጊዜ አጥፍታት ሁለቴም ተመልሳ ተገኘች።

መልሱ የተቀላቀለ ነበር። የተቆጡ አሉ፤ መቆጣታቸውም ልክ ነው። የሳቁ አሉ። መልአክ ነው ብለው ድምፅ የሰጡት የአልጋ እግሩን አናምንም አሉ። አብዛኛው ሰው ግን ምንም ሳይል ሄደ፤ ተመልካቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሟሽሾ ከጥንቱ ትንሽ ብቻ በልጦ ቆመ። ዘውገ ቁጥሩን እያየ ሲተክዝ ፍሬ ኮምፒውተሩን ትከድንበታለች። ከሐዋሳው ቢሮ፣ «አሁን ጠዋት ጠዋት ምን እንሥራ?» የሚል መልእክት መጣ። ፍሬ፣ «ሥራ» ብላ መለሰችላቸው።

ቢተው ሰገነቱ ላይ መቀመጥ ከጀመረ በኋላ ሌላ ነገር መጣ። ዘውገ የእንግዶችን ጥያቄ ጮክ ብሎ እያነበበ ለፍሬ መልሱን ሲነግራት፣ ቢተው ከእንጨቱ ቀና ሳይል ጣልቃ ይገባል።

«ሙቅ ውኃ ቀንና ሌሊት አለ፤ ጻፊ።»

«መብራት ካለ» ይላል ቢተው።

«ከአብያተ ክርስቲያናቱ የእግር መንገዱ አጭር ነው።»

«ሲወርዱ» ይላል ቢተው። «ሲወጡ ሌላ ነው።»

ፍሬ አንድ ቀን ሁለቱንም ጻፈችው፤ የዘውገን መልስ ከላይ፣ የቢተውን ከሥር። ከመላኳ በፊት ግን ኮምፒውተሯን ይዛ ሄዳ ቢተው ፊት ቆመች። «ጋሽ ቢተው፣ ይኼን ልልከው ነው። ይፈቅዳሉ?»

ቢተው መነጽሩን አድርጎ አነበበ። «‹መብራት ካለ› ያልኩትን ‹መብራት ወይም ጄኔሬተሩ ካለ› በይው» አለና ፈቀደ።

ዘውገ ለቀናት አኮረፈ። ሰው ግን ወደደው። ከጣሊያን አንዱ ሁለቱን ሽማግሌዎች ለማከራከር ብቻ ጥያቄ እየፈጠረ ይልክ ጀመር፤ ቢተው በጣሊያንኛ ሲመልስለት ዘውገ ከጎን ቆሞ፣ «ምን አልከው? ስለ ቁርሱ ደኅና አድርገህ ነገርከው?» እያለ ይወተውተዋል። ለገና ከክፍሎቹ ግማሽ ያህሉ ተያዙ። ዘውገ ለአስጎብኚዎቹ ሲነግራቸው «ሞልተናል» አለ። ቢተው አጠገቡ ስላልነበረ ያረመው ሰው አልነበረም።

ግንቡ ከገና በፊት ተለሰነ፤ ቀለሙን ባንችይርጋ መረጠች። ዘውገ ነጭ ይሁን ብሎ ነበር። እሷ ቢጫ አለች፣ ቢጫ ሆነ።

ጥሩሰው ከኮምቦልቻ የገባችው የገና ዋዜማ ሲቀርብ ነው። ዘውገ ሰገነቱ ላይ ሆኖ ባጃጇ ስትቆም አየ። ጥሩሰው ወርዳ ወደ «ደመና ደጅ» በር ቀና እንኳ ሳትል፣ አንድ ፌስታል ይዛ የባንችይርጋን በር አንኳኳች። ወዲያው ሁለቱ ሴቶች በሩ ላይ ተቃቅፈው እየተላቀሱ፣ እየሳቁ፣ አንዷ የአንዷን ፊት በእጇ ይዛ ስታይ ታዩ።

«ጥሩሰው!» ብሎ ተጣራ ዘውገ ከላይ። «ቤትሽ እኮ እዚህ ነው!»

«ሻንጣው ባጃጁ ላይ ነው፤ ውረድና ውሰደው!» አለችው፣ ዞር ሳትል። «ሕፃኑን ስም አውጥተንለታል፣ መጥተህ ስማ!»

ዘውገ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ። ሻንጣውን ከባለባጃጁ ተቀብሎ ወደ ቤቱ አላስገባውም፤ እንደያዘው የቢተውን ግቢ ገባ።